አሥራ አንድ ማርሻል በአንድ ላፕቶፕ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እሁድ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር፣ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ስንጫወት አመሸን። አንድ እንግዳ የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የዲፕ ፐርፕልን «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ጠየቀ። ጊታር የጀመረ ሁሉ መጀመሪያ የሚነካካትን፣ ውሃ ላይ ስለተኛ ጭስ የምታወራዋን። ተጫወትናት። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን አፈርኩ። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ነበር።

ቤት ገባሁ፤ እንቅልፍ እምቢ አለ። ሲነጋ የጊታር ተጫዋቾች የኢንተርኔት መድረካችን ላይ የውይይት ክር ከፈትኩ። ላፕቶፔ ላይ ኒውራል አምፕ ሞዴለር የሚባለውን፣ የአምፕን (የጊታር ማጉያን) ድምፅ የሚኮርጅ ነፃ ሶፍትዌር ጭኛለሁ። ማርሻል ፕሌክሲ የሚባለውን የ100 ዋት አምፕ ፕሮፋይል፣ ማለትም የድምፁን ቅጂ፣ ብቻ አሥራ አንድ አውርጃለሁ፤ ለዳታ የከሰከስኩትን ብር እኔ ነኝ የማውቀው። ጊታሬ የስትራቶካስተር አምሳያ ናት። ታዲያ እውነተኛው አምፕ ተቀድቶ እጄ ከገባ፣ ዘፈኗ ያለችበት የ1972ቱ አልበም ድምፅ ለምን አይወጣልኝም? ጥያቄዬ ይኸው ነበር። እዚያ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። በዚህ ዘመን ቲዩብ አምፕ፣ ያን በመስታወት ቲዩብ የሚሠራውን ከባድ ማጉያ፣ የሚሸከም ሰው ጀርባውን የማይወድ ነው አልኩ። መዘዙን የጎተተችው እሷ ናት።

እስከ ሐሙስ 36 መልስ ገባ። ሁሉን አልተርክም፤ አንዳንዱ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ነው።

1ኛው መልስ በጣም ጨዋ ነበር። ከሰላምታና ከቤተሰብ ጥየቃ በኋላ ፕሮፋይል ምን እንደሆነ እንዳስረዳው ለመነኝ። እኔ ሳልደርስ 2ኛው ቀደመኝ። የፖሊ ግቢ ተማሪ ይመስለኛል፤ አጻጻፉ የላብ ሪፖርት ነው። አምፑን አንድ ቅንብር ላይ ታቆመዋለህ። ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚሆን የተዘጋጀ ድምፅ ትልክበታለህ፤ የሚወጣውን ትቀዳለህ። ከዚያ ኮምፒውተሩ የገባውንና የወጣውን እያስተያየ ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ ራሱን ያርማል። በ2011 ብቅ ያለው የጀርመኖቹ ኬምፐር በሌላ ስሌት ነው የሚሠራው፤ ሐሳቡ ግን ይቀራረባል። እንግዳ እንግዳ ጩኸት አምፑ ውስጥ ይልክና መልሱን በማይክ ይሰማል። ልጁ ያሰመረበት ነገር፣ የሚቀዳው አምፑ በዚያች ሰዓት የነበረበት ቅንብር ብቻ መሆኑን ነው። ጌይኑ (የማሻከሪያው ቁልፍ) ስድስት ላይ ሆኖ የተቀዳ አምፕ፣ ላፕቶፑ ላይ ጌይን ስለቀነስክለት ሦስት ላይ ሲሆን የሚያሰማውን አይሰጥህም። እኔ ቀን ቀን ፎቶኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ ወዲያው ገባኝ። የተሞላ ፎርም ኮፒ ስታደርግ የሰውየው ፊርማም አብሮ ይወጣል።

3ኛው ጊታሩን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው የሳውንድ ካርዴ የመግቢያ ቁልፍ የት ላይ እንዳለ ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል አልኩት። ሮክ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በሳቅ የሚያለቅስ ፊት አራት ጊዜ ደርድሮ ጠፋ። ምክሩን የጻፈው በማግስቱ ነው። ጊታሩን በኃይል እየመታሁ ቀዩ እስኪጠፋ ድረስ ቁልፉን እንድመልሰው ነገረኝ። ያ መሻከር የማርሻል አይደለም፤ ድምፁ ማርሻሉ ጋ ሳይደርስ ሳውንድ ካርዱ ራሱ ቆርጦታል።

4ኛውን የጻፉት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ከካሴት ዘመን ጀምሮ ሚክሰር ፊት የቆሙ ሰው ናቸው፤ መድረካችን ላይ አንቱ የሚባሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው። አራት ነጥብ አይጠቀሙም። መልሳቸው ከላይ እስከ ታች አንድ ትንፋሽ ነው፤ ሁለት ጊዜ ማንበብ ነበረብኝ።

የዚያ ዘመን ማርሻል ማስተር ቮልዩም፣ ማለትም ጩኸቱን ለብቻው የሚቀንስ ቁልፍ፣ አልነበረውም። ድምፁ እንዲሻክር ከፈለግክ አምፑ መጮህ አለበት፤ ሌላ መንገድ የለም። አራት ትልልቅ ኢኤል 34 ቲዩብ፣ አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ 100 ዋት። ሱሪህን ያርገበግበዋል አሉ። ያን ጊዜ ጊታሩም አርፎ አይቀመጥም። የስፒከሩ ንዝረት ተመልሶ ክሮቹን ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ኖታው አየር ላይ የሚንጠለጠለው በዚህ ነው። እኔ ደግሞ ሁሉን ነገር በጆሮ ማዳመጫ አስተካክዬ በረንዳ ላይ እንደወጣሁ ከየት እንዳወቁ እንጃ። ልክ ነበሩ። አከራዬ በሦስት ሰዓት ይተኛሉ፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ፍሌቸርና ማንሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1933 ያሳዩትን አመጡ። ጆሯችን በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ቤዝና ትሬብልን አሳንሶ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ሌሊት በለሆሳስ የሚያስተካክል ሰው ቤዝም ትሬብልም ይጨምራል፤ ሚድ (መሃለኛውን ድምፅ) ይቀንሳል። ያው ቅንብር ቅዳሜ ማታ ሲጮህ ቤዙ ይጎረብጣል፣ ትሬብሉ ይወጋል፣ ጊታሩ የሚኖርበት ሚድ ደግሞ ባዶ ሆኖ ይቀራል። የንቧን ግማሽ በዚህ ጨረሷት።

5ኛው ከጎንደር ነው። የጀርባዋን ዓረፍተ ነገር ይዞ ገባ። ሰርግ ለሰርግ አምፑን ተሸክሞ እንደኖረ፣ ጀርባውም ደህና እንደሆነ፣ አምፑ ግን አንድም ቀን ሙሽራ ፊት አፕዴት ልሥራ ብሎት እንደማያውቅ ጻፈ። መልካም ነበር፤ ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ላፕቶፕ የያዘ ጊታሪስት ከፎቶኮፒ ሠራተኛ አይለይም አለ። ሥራዬን ያውቅ ይሁን አይወቅ አላውቅም። እኔም የማይባል መለስኩለት። ነገሩ የሁለት ከተማ ጠብ ሊሆን ሲል 6ኛዋ ገባች።

ድምፅ ቀረጻ ላይ የምትሠራ እህታችን ናት። ጠቡን እንዳላየ አለፈችው። የፋይሎቼን ስም እንድለጥፍ ጠየቀችኝ፤ ለጠፍኩ። ጉዱ እዚያ ወጣ። ፕሮፋይል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አምፑን ብቻ የቀዳ ነው፤ ለእሱ የስፒከር ካቢኔ (የስፒከሩ ሳጥን) ድምፅ ለብቻው ይጨመርለታል። ሌላው አምፑን፣ ካቢኔውንና ማይኩን አንድ ላይ ነው የሚያመጣው፤ ማይኩም ብዙ ጊዜ ያ ከ1965 ጀምሮ ያለው ሹር ኤስኤም57 ነው። የኔ አሥራ አንዱም ሁለተኛው ዓይነት ነበሩ። እኔ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ አይቼ በላያቸው ላይ ካቢኔ ጨምሬያለሁ። ማለትም ማርሻሉ በአንድ ካቢኔ ወጥቶ፣ በማይክ ተቀድቶ፣ እንደገና ሌላ ካቢኔ ውስጥ ገብቶ፣ በሌላ ማይክ ወጥቶ ነው በረንዳው ላይ የደረሰው። ጠርሙሱ ይኸው!

ጋሼም እዚያው ላይ ታረሙ። ፕሮፋይል ስፒከር አይቀዳም ብለው ጽፈው ነበር። ልጄ አመሰግናለሁ ብለው ተቀበሏት። ጎንደሬው ዝም አለ።

7ኛው ወሬውን ወደ ሐይቅ ወሰደው። የዘፈኗን ታሪክ የማያውቅ ካለ ብሎ ጀመረ። ኅዳር መገባደጃ ላይ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 4 ቀን 1971፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞንትሮ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓ ሲጫወት አንድ ታዳሚ የርችት ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኮሰ። ካዚኖው ነደደ። ዲፕ ፐርፕሎች አልበማቸውን እዚያው ሊቀዱ ነበር የመጡት። ጭሱ ጄኔቫ ሐይቅ ላይ ሲተኛ ቆመው አዩ። ከዚያ አንድ ቴአትር ቤት ገብተው የዘፈኗን ሙዚቃ ቀዱ፤ ጎረቤት ተረበሸ፣ ፖሊስ መጣ። በመጨረሻ በብርዱ ምክንያት ባዶ የነበረ ትልቅ ሆቴል ኮሪደር ላይ ፍራሽ ደርድረው ቀሪውን አልበም ጨረሱ። የመቅጃው መሣሪያ ውጭ በቆመ መኪና ውስጥ ነበር፤ መኪናው የሮሊንግ ስቶንሶች ነው። ጸሐፊው ሊል የፈለገው፣ ፕሮፋይሉ አምፑን ያመጣል እንጂ ቴአትር ቤቱን አያመጣም ነው። ሐይቅ አለን፣ ሆቴል አለን፣ የሚቆጣ ጎረቤት አለን፤ የቀረን ካዚኖ ነው አለ።

ከ8 እስከ 12 ያለውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። 8ኛው የጄኔቫ ሐይቅ ከጣና እንደሚበልጥ ጠቀሰ። እንደዋዛ ነው የጣላት። 9ኛው ተነሳበት። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያኛው 580 ገደማ ነው፣ የገዛ ሐይቁን የማያውቅ ሰው ስለ ሰው ሐይቅ አያውራ አለ። 10ኛው ጥልቀት አመጣ። ያኛው 310 ሜትር ይወርዳል፤ የኛ 15 ሜትር አካባቢ ነው። 11ኛው ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጥልቀት ምን ያደርግለታል ብሎ ጠየቀ። 12ኛው በዚህ መሃል የተጠበሰ አሳ በአዋዜ የት እንደሚጥም አንስቶ ሦስት ሰው አከታትሎ መለሰለት። ወደ ጊታሩ እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

የመለሰን 13ኛው ነው፤ ኪቦርድ ተጫዋች። ለእኔ የክሩ ትልቁ መልስ ይህ ነው። ዘፈኗን በጆሮ ማዳመጫ እንድሰማትና መቼ ላይ ጊታር ብቻ እንደሆነ፣ መቼ ላይ ሌላ ነገር እንደሚገባ እንድቆጥር አዘዘኝ። ሰማሁ። ጊታሩ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ ሌሎቹ ይከተላሉ። ያ እኔ ጊታር ነው ብዬ ስንት ዓመት ያመንኩት ወፍራም ድምፅ ውስጥ ግን የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች የጆን ሎርድ ሃሞንድ ኦርጋን አለ። ያቺኑ ዜማ ነው የሚጫወታት። ኦርጋኑን ደግሞ በማርሻል አምፕ ነው የሚያስጮኸው። አሥራ አንድ ፕሮፋይል አውርጄ የሁለት ሰው ድምፅ ከአንድ ጊታር ስጠብቅ ነበር።

14ኛው እዚያ ላይ ጨመረበት። የባንዱ ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞር ያቺን ዜማ በፒክ (በክር መምቻው) አይመታትም። ሁለቱን ክር በጣቶቹ አንድ ላይ ይነቅላቸዋል። በፒክ ሲሆን አንዱ ክር ቀድሞ ሌላው ይከተላል፤ በጣት ሲሆን ሁለቱ እኩል ይወለዳሉ። ሞከርኩት። ላፕቶፑን ሳልከፍት፣ ኬብል ሳልሰካ፣ ደረቅ ጊታር ላይ እንኳ ልዩነቱ ይሰማል።

15ኛው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ጣና ዳር ተቀምጦ የፈረንጅ ድምፅ ማሳደድ ምን የሚሉት ሱስ እንደሆነ፣ ትዝታና ባቲ አንሶን እንደሆነ ጠየቀ። ቃሉ ከባድ ነበር። 16ኛው በጨዋነት መለሰለት። ጊታሩ ራሱ ከውጭ መጥቶ ነው የኛ የሆነው፤ የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን ሰምቶ ጊታር ፈረንጅ ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ አለ። ጃኖ ባንድንም ጠራ። ማንም እጁን አላወጣም። እኔ በበኩሌ የ15ኛው ጥያቄ ቂም አልያዝኩበትም። ትንሽ ነክቶኛል።

ምክንያቱም 17ኛው ላይ አንድ ልጅ የኤሌክትሪክ ክራሩን በማርሻል ፕሮፋይል አስገብቶ ድምፁን ለጠፈ። ባቲ ነው። አንድ አንድ ክር ሲነካ ፀጉር ያቆማል። ሲገርፈው ግን ጭቃ ሆነ። ለምን? የፖሊው ልጅ ተመለሰ። ሁለት ኖታ አብሮ ሲሻክር ማሽኑ ከሁለቱ ድምርና ልዩነት አዳዲስ ድምፅ ይወልዳል። ኖታዎቹ በአምስተኛ ወይም በአራተኛ ርቀት ላይ ከሆኑ የሚወለደው ድምፅ ቤተሰብ ይሆናል። ርቀቱ ከጠበበ ግን ይጣላል። የሮክ ሰዎች ሁለት ሁለት ኖታ የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ የዲፕ ፐርፕሏም ዜማ አራተኛ በአራተኛ ነው የምትሄደው። ክራር ሲገረፍ ደግሞ ብዙ ክር አንድ ላይ ይናገራል። አንድ የማሲንቆ ሰው በ19ኛው ላይ፣ ኖታ እንዳይሞት ማርሻል መጮህ እንደማያስፈልገው፣ ጭራውና ደጋኑ ያንን ድሮ እንደጨረሱት ጣል አድርጎ አለፈ። አባባሉ ደስ አለኝ።

21ኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቫን ሄለንን አመጣ። ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን የ1978ቱን የመጀመሪያ አልበም ሲቀዳ፣ ማርሻሉ የሚበላውን ቮልቴጅ ቫሪያክ በሚባል የቮልቴጅ መቀነሻ ወደ 90 ገደማ ያወርደው ነበር። ድምፁ የሚለሰልሰውና የሚዋጠው በዚያ ነው። ወዲያው ክሩ በሳቅ ሞላ። እኛ ሰፈር ማታ ማታ ምጣድ ሲሰካ ቫሪያኩ በነፃ ነው አሉ። አንዱ በመለኪያ አይቶት 220 መሆን የሚገባው 175 ላይ እንዳገኘው ጻፈ። ጎንደሬው ከዝምታው ወጣ። ቅዳሜ ማታ አምፑ ለምን እንደሚጣፍጥ አሁን ገባኝ ብሎ ደስ አለው። እኔ ደግሞ ላፕቶፔ ባትሪ አለው፤ መብራት ቢሄድም ይጫወታል አልኩ። ስፒከሩ ከጠፋ ላፕቶፑ ለማን እንደሚጫወት ጠየቀኝ። እዚህ ጋ አሸነፈኝ።

ሠራተኛው ግን ቀልዱን አቁመን እንድንሰማው ጠየቀ። ቲዩብ አምፕ ነቅለው ካበቁ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ማንም ልሞክር ብሎ እንዳይከፍት። ቮልቴጅ ሆን ብሎ ማውረዱንም ለቫን ሄለን ተዉለት አለ።

25ኛው የኩዊን ባንዱ ጊታሪስት ብራያን ሜይ በሳንቲም እንደሚጫወት ሰምቶ በሳንቲም ሞክሮ አንደኛ ክር በጠሰ። የሱ ሳንቲም የእንግሊዝ ስድስት ፔንስ እንደሆነች፣ የጊታሩንም አንገት ከአባቱ ጋር ከምድጃ መደርደሪያ እንጨት እንደሠራው ተነገረው። የክር ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግን አልተነገረውም። 26ኛው ፈዝ ፌስ የሚባለውን የፈዝ ፔዳል (በእግር የሚበራ ድምፅ ማሻከሪያ) ፕሮፋይል አውርዶ የጊታሩን ቮልዩም ሲቀንስ ለምን እንደማይጠራለት ጠየቀ። እህታችን መለሰች። ፈዝ ፌስ ከጊታሩ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው ክፍል) ጋር በቀጥታ ይነጋገራል፤ ሲቀዳ ግን ፊቱ የነበረው ጊታር ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። ዋዋ የሚባለው ፔዳልም እንደዚሁ፣ እግር የሚያንቀሳቅሰውን ነገር አንድ ፕሮፋይል አይዘውም።

29ኛው የኔ ነው። ረቡዕ ማታ ልምምድ ቤት ያደረግነውን ጻፍኩ። የተደረበውን ካቢኔ አጠፋሁ። የሳውንድ ካርዱን ቁልፍ ቀዩ እስኪጠፋ መለስኩ። ከአሥራ አንዱ ጌይኑ ትንሹን መረጥኩ። በትልቁ ስፒከር፣ በሚጫወትበት ድምፅ ልክ አስተካከልኩት፤ ሚድ ጨመርኩ። ፒኬን ኪሴ ከተትኩ። ኪቦርዳችን የኦርጋን ድምፅ አውጥቶ በዚያው ፕሮፋይል በኩል አሻክሮ ተከተለኝ። ንቧ የለችም። ጊታሩ ለብቻው ከጠበቅኩት ያነሰና የቀጠነ ነው፤ መጀመሪያ ደነገጥኩ። ኦርጋኑ ሲገባ ግን ከበሮ መቺያችን ዱላውን አቁሞ አየን። የ1972ቱ አልበም ነው አልልም። በረንዳው ላይ ቢደገም አላፍርም።

እዚያው ላይ ጎንደሬውን ይቅርታ ጠየቅኩ። 31ኛው ላይ መለሰልኝ። ቂም እንደሌለው፣ እንዲያውም አምፑን ባሕር ዳር ድረስ አምጥቶ ፕሮፋይል ብናደርገው እንደሚወድ፣ እሱ ሲያረጅ ልጆቹ እንዲጫወቱበት እንደሚፈልግ ጻፈ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፤ ከመናኸሪያው እስከ ልምምድ ቤት የምሸከመው እኔ ነኝ። ካቢኔው ብቻ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ተስማማሁ። ከ32 እስከ 35 ያሉት ስለ ጀርባዬ ናቸው።

36ኛው የጋሼ ነው። የረቡዕን ቅጂ አዳምጠውታል። ስለ ፕሮፋይሉ ምንም አላሉም። ስለ ኦርጋኑም አላሉም። ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች፣ አጥብቃት ብለው ብቻ ጻፉ። ቲዩነሬን አውጥቼ አየሁ። ወርዳለች።